የሌለችው ፎቶ አንሺ

ኢርሜሊ ከጭነት መኪናው ላይ ስትወርድ ሁለት ምልምል ወታደሮች ከታች ሆነው ተቀበሏት፤ አንዱ እሷን፣ ሌላው ሻንጣዋን። የተንገዳገደው ሻንጣውን የተቀበለው ነበር።

ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። ካይኑ በሚባል በረዷማ የሰሜን አውራጃ ውስጥ፣ ሐይቅ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ፣ ለአካባቢው ጋዜጣ ሠርጉንም ቀብሩንም፣ የተማሪ ምረቃውንም የዓሣ ገበያውንም ስታነሣ ሃያ ሰባት ዓመት ኖራለች። ወታደር ግን አንሥታ አታውቅም። በጥር ወር ምልምሎቹ ለበረዶ ወቅት ልምምድ ጫካ ሲገቡ ሁለት ቀን አብራቸው እንድትሆን ተፈቀደላት፤ እሷም አንድ ነገር እንዳይጎድል ብላ ያላትን ሁሉ ሸክፋ መጣች። ሁለት ካሜራ፣ አምስት ሌንስ፣ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ፣ መብራት፣ ለመብራቱ ደግሞ ጃንጥላ።

የምልምሎቹ ኃላፊ ሻምበል ባሻ ኩዊስማ ጢሙ ላይ በረዶ የጋገረበት ረጋ ያለ ሰው ነው። ሻንጣውን ዞሮ አየው።

«ቤት እየቀየርሽ ነው እንዴ?»

«የሥራ ዕቃዬ ነው።»

«ፍሪጁንስ ለማን ተውሽው?»

ምልምሎቹ ሳቃቸውን በጓንታቸው አፈኑት። ኢርሜሊ ፊቷ ቀላ። የበረዶ መንሸራተቻዋን አሰረች፤ ሻንጣዋን በጀርባዋ፣ ካሜራዋን በአንገቷ አንጠልጥላ ከሰልፉ ኋላ ተከተለች። ሃምሳ እርምጃ እንኳ አልሄደችም። ቁልቁለቱ ላይ ሻንጣው ወደ ጎን ጎተታት፣ በግንባሯ ተደፋች፣ ካሜራው ተወዛውዞ ከንፈሯን መታት። ቀና ስትል በረዶው ላይ ሦስት የደም ጠብታዎች አየች፤ ቀይነታቸው እንዴት እንደሚያምር አሰበችና በራሷ አፈረች።

ኩዊስማ ተመልሶ አጠገቧ ተንበረከከ። አሁን አልቀለደም።

«አንድ ካሜራ ያዢ። አንድ ሌንስ። ሌላው መኪናው ላይ ይቀራል።»

«የትኛውን ሌንስ?»

«እሱን አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ የማውቀው ስትወድቂ የሚሆነውን ነው። እዚህ ቆመሽ ሌንስ ልቀይር ብትዪ ጓንትሽን ታወልቂያለሽ፤ በረዶው ይገባበታል፤ እጅሽም ካሜራሽም ሄደ ማለት ነው።»

የካሜራውን ማንገቻ በትከሻዋና በብብቷ ሥር አሳልፎ አጠበቀው፤ በሌላ ቀበቶ ደግሞ ደረቷ ላይ ለጠፈው። የሚንጠለጠለውን ጥብጣብ ሁሉ ቅርንጫፍ እንዳይዘው አስገብቶ ቋጠረ። «ዝለይ» አላት። ዘለለች። አንዳች ነገር አልተንኳኳም።

«ድንኳን ስትገቢ ካሜራውን ውጭ ተዪው፤ ሙቀት ሲያገኘው ያልበዋል። ባትሪዎቹን ግን ከሸሚዝሽ ሥር፣ ከገላሽ አስጠግተሽ ያዢ። ብርድ ከነካቸው ይሞታሉ።»

በመጨረሻ ብርቱካንማ ሰደርያና ፊሽካ ሰጣት።

«ይህን የለበሰ ሰው በልምምዱ ላይ እንደሌለ ይቆጠራል። ልጆቹ አያዩሽም፣ አያናግሩሽም፤ አንቺም እንደዚያው። በመካከላቸው እንደ ነፋስ እለፊ። የእውነት አደጋ ካየሽ ፊሽካውን ንፊ፤ ልምምዱ ያኔውኑ ይቆማል።»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ኢርሜሊ አልነበረችም። መጀመሪያ አሳቃት፤ ቀስ በቀስ ግን ደስ አላት። ነጭ የለበሱ ልጆች ፊቷ ድረስ እየመጡ በዓይናቸው አልፈዋት ይሄዳሉ። የአተር ሾርባቸውን ሰናፍጭ እየጨመሩ ሲበሉ፣ ዛፍ ተደግፈው ሲያንቀላፉ፣ ስለ እናታቸው ሲያወሩ ታነሣቸዋለች፤ አንድም ሰው ፊቱን አያስተካክልላትም። እንዲህ ቀልላ ተራምዳ አታውቅም።

በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ ጉም ወረደ። ሰማዩና መሬቱ አንድ ሆኑ፤ ጥዶቹ ግንዳቸው ተቆርጦ አየር ላይ የቀሩ መሰሉ። ምልምሎቹ ሊያጠቁ ወደ ረግረጉ ዳር እየገሰገሱ ነው። ኢርሜሊ የመጣችው ለዚህች ቅጽበት ነበር። የመንሸራተቻዋን ማሰሪያ ልታጠብቅ ጎንበስ ብላ ቀና ስትል ሰልፉ የለም። ዱካውን ተከተለች፤ ዱካው ለሁለት ተከፈለ፣ ከዚያ ለብዙ፣ ከዚያ ጠፋ። አልፈራችም። በሕልሟ የምታውቀው ቦታ ውስጥ የገባች ይመስል ዝም ብላ ተንሸራተተች። የራሷን እስትንፋስ ትሰማለች፤ አንዳንዴ የሌላም ሰው እስትንፋስ የሰማች ይመስላታል።

አንድ ጥድ ሥር አንዲት ምልምል ተቀምጣለች። ጓንቷ አጠገቧ ወድቋል፤ እጆቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ እንደ ሰው ዕቃ ታያቸዋለች።

ኢርሜሊ ደንቡ ትዝ ብሏት ቆመች። ልጅቷ ግን ቀና ሳትል መናገር ጀመረች።

«የሉም አይደል እርስዎ? ጥሩ። ለሌለ ሰው ማውራት ይቀላል።»

«ስምሽ ማነው?»

«ቪልያ። ጠፋሁ። ማሰሪያዬን ልፈታ ጓንቴን አውልቄ ነበር፤ ረጠበ። አሁን ጣቶቼ... ሌላ ሰው ላይ ያሉ ነው የሚመስለኝ።»

ኢርሜሊ ተጠግታ አየች። ጫፎቻቸው እንደ ሻማ ነጥተዋል። እጇ ወደ ፊሽካው ሄደ።

«እንዳይነፉት!» ቪልያ አሁን ገና በደንብ አየቻት። «በፈጠረዎት! ወንዶቹ ግዴታቸው ነው፤ ሴቶቹ ግን የገባነው በራሳችን ፈቃድ ነው። በእኔ ምክንያት ጥቃቱ ቢቆም ዓመቱን ሙሉ መጫወቻ ነኝ።»

«እጅሽን ብታጪስ?»

«ይመለሳል። ትንሽ ይጠብቁኝ።»

ኢርሜሊ ካፖርቷን ከፈተች። ከሸሚዟ ሥር የባትሪዎቹ ከረጢት ነበር፤ ቦታውን ይዟል። አውጥታ በረዶው ላይ አስቀመጠችው። የልጅቷን እጆች አንድ በአንድ ወደ ብብቷ አስገባቻቸው፤ ቅዝቃዜያቸው አጥንቷ ድረስ ዘለቀ፤ ጥርሷን ነከሰች። እንዲህ ተቃቅፈው ተቀመጡ። ጉሙ በቅርንጫፎቹ መካከል በዝግታ ይሄዳል፤ ወይም ጉሙ ቆሞ እነሱ ይሄዳሉ። ቪልያ ስለ አያቷ ጀልባ አወራች፤ ቃሎቿ እየተጎተቱ፣ እየራቁ መጡ።

«እንቅልፍ እንቅልፍ አለኝ» አለች።

«ጣቶችሽ ተሰሙሽ?»

«የምን ጣቶች?»

ኢርሜሊ ከዚያ በላይ አልጠበቀችም። ፊሽካውን ነፋች።

በረዶውም ተነሣ።

በግራ፣ በቀኝ፣ ከፊታቸው፣ ከኋላቸው፣ ጉብታ ናቸው ብላ ያለፈቻቸው ነጫጭ ነገሮች ሁሉ ቀስ ብለው ቆሙ። ሃያ፣ ሠላሳ፣ ከዚያም በላይ። ቅርቡ አምስት እርምጃ አይሞላም። ምልምሎቹ አድፍጠው ተኝተው የነበረው እዚያው ዙሪያቸውን ነበር፤ ቪልያ የጠፋችው በጓደኞቿ መካከል ነበር። ከትከሻቸው ላይ በረዶው ያለ ድምፅ ይረግፋል። ሁሉም ኢርሜሊን ያያሉ፤ በሁለት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ።

እጇ በልማድ ካሜራውን ወደ ዓይኗ አነሣ። ጥቁር። በረዶው ላይ ካለው ከረጢት አውጥታ ባትሪውን ቀየረች፤ እንደገና ጥቁር። ካሜራውን አወረደችና በዓይኗ ብቻ አየች፤ የጦሩ ሐኪም እየተንሸራተተ እስኪመጣና ጉሙ በሰው ድምፅ እስኪሞላ ድረስ።

ቪልያን በበረዶ ጋሪ ላይ ጠቅልለው ሲወስዷት በኢርሜሊ አጠገብ አለፈች። ፊቷን አዞረች። ኢርሜሊን ከከንፈሯ ቁስል ይልቅ ያመማት ይህ ነበር።

ኩዊስማ ድንኳኑ በር ላይ አገኛት። ሾርባ አቀበላት።

«ልጆቹ አድፍጠው ሳሉ ቪልያ የምትናገረውን አልሰሙም?» አለችው።

«አንደኛው ሰምቷል። የልምምዱ አካል መሰለኝ ነው የሚለው። ከእሱ ጋር ገና እንነጋገራለን።» ጢሙን ጠረገ። «ሐኪሙ አሥር ደቂቃ ቆይታ ቢሆን ሁለት ጣት ይቆረጥ ነበር ብሏል። ፎቶውን አገኘሽው?»

«አላገኘሁትም።»

«ሲነሡ አይተሻል ግን።»

«አይቻለሁ።»

ጎን ለጎን ቆመው ሾርባቸውን ጨረሱ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስልክ ተደወለላት። ቪልያ ነበረች። ከሕክምና ወጥታ ወደ ጦር ክፍሏ ተመልሳለች፤ ጣቶቿ ቆዳቸው እየተላጠ ነው፤ ግን ሁሉም አሉ። «ተናድጄብዎት ነበር» አለች። «አሁንም ትንሽ ተናድጃለሁ። ያችን ቁጣዬን ልንገርዎት ብዬ ነው የደወልኩት» ብላ ሳቀች።

ጋዜጣው ያወጣው ምልምሎቹ ለሾርባ ተሰልፈው የሚያሳየውን ፎቶ ነበር። አዘጋጁ ፓሲ ቅር ብሎታል።

«ሁለት ቀን ጫካ ውለሽ ወጥ ነው ያመጣሽልኝ? ሌላ ምንም አላየሽም?»

«በረዶው ሲነሣ አየሁ።»

«ነፋስ ነበር?»

ኢርሜሊ በመስኮቱ ወደ ሐይቁ ተመለከተች። በረዶ የለበሰው ውኃ ላይ የከሰዓቱ ሰማያዊ ብርሃን ተኝቷል።

«የለም» አለች፤ «ምንም ነፋስ አልነበረም።»