የካድዞ ጨቅላ

ሞምባሳ ውስጥ ማታቱ የሚባሉት ሚኒባሶች እንደ ሙሽራ ይኳላሉ። ቼንጎ የሚባል ሾፌርማ እሳት ማጥፊያውን ሳይቀር ወርቃማ ቀለም አስቀብቶታል፤ ከግፊት መለኪያው መስታወት እስከ እጀታው።

የሌላ ማታቱ ረዳት የሆነችው ካድዞ ግን ወር በገባ ቁጥር የራሷን እሳት ማጥፊያ ታወርድና የመለኪያው መርፌ አረንጓዴው ላይ መሆኑን ታያለች። ዱቄቱ እንዳይጋገር ገልብጣ ቂጡን መታ መታ ታደርገዋለች። በየዓመቱ ደግሞ ባለሙያ ጋ ወስዳ ታስፈትሸዋለች።

"ካድዞ፣ ልጅሽ አገሳ?" ይላታል ቼንጎ፣ ፌርማታው ሁሉ እየሳቀ።

"ያንተው በሕይወት መኖሩን በምን አወቅህ?" ትለዋለች ተናዳ።

አንድ ቀን ረፋድ፣ እዚያው ፌርማታ ላይ፣ ከቼንጎ ማታቱ ሞተር ጭስ ቡልቅ አለ፤ ነበልባልም ተከተለ። ተሳፋሪው እየተጋፋ ወረደ። ቼንጎ ወርቃማውን አንስቶ እጀታውን ቢጨምቀው፣ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሽማግሌ "እህ" ብሎ ቀረ።

"ዞር በል ከፊቴ!" ካድዞ የራሷን እሳት ማጥፊያ ይዛ ገፍትራው አለፈች። ቀለበቱን መዝዛ እሳቱ ሥር ለቀቀችበት። ነጩ ዱቄት እየተንቦለቦለ ወጣ፤ እሳቱም ድራሹ ጠፋ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት፤ ሾፌሮቹ ጥሩምባ ነፉላት።

"ቼንጎዬ፣" አለች ፊቷ ዱቄት እንደለበሰ፣ "አገሳልህ?"

አዲሱ ወር ሲገባ ቼንጎ ቀለም ያልነካው እሳት ማጥፊያ ታቅፎ ከች አለ። ፌርማታው መሀል ቁጭ ብሎ ገለበጠና ቂጡን ይደበድበው ጀመር።

"ቀስ በል እንጂ!" ጮኸችበት ካድዞ። "አንገቱን ደግፈህ ያዘው፤ ልጅ መያዝ አታውቅም?"