ስልኩ የሚያመጣቸው ክፍሎች

ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ ያየችው ሻንጣ ነበር። የሰው ሱሪ እያሳጠረች፣ ስልኩን ከስፌት መኪናዋ ጎን አስደግፋ፣ አንዲት ሴትዮ ስለ ትዳር ስትመክር ታዳምጣለች። ምክሩ መሃል ላይ ተቋረጠና የባለ ጎማ ሻንጣ ማስታወቂያ ብቅ አለ። ሻንጣው ሲሄድ ደግሞ የሚከራይ ክፍል መጣ። ከስሩ የተጻፈውን ፊደል በፊደል እየለቀመች አነበበችው። በአውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ተሂዶ የሚደረስበት ከተማ ነው።

ስልኩ የልጇ ነበር። ልጅቷ ለራሷ አዲስ ስትገዛ፣ «ያዢው እማዬ፣ ቪዲዮ ታዪበታለሽ» ብላ ነው የሰጠቻት። የምትሠራው ደግሞ ዕቃ በስልክ የሚያስተዋውቅ ድርጅት ውስጥ ነው። ሥራሽ ምንድን ነው ስትባል፣ «ሰው ምን እንዳየ እንከታተላለን፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ የሚፈልገውን ፊቱ ላይ እናመጣለታለን» ብላ ነበር። ያን ጊዜ እናቷ፣ «ጠንቋይ ሆንኩ በዪኛ!» ብላ ስቃባታለች።

አሁን ሳቁ ከየት ይምጣ። ስልኩ የሚያውቀው ልጅቷን ነው። ሻንጣና ክፍል ካመጣ፣ ልጅቷ ሻንጣና ክፍል ፈልጋለች ማለት ነው። ልብስ ሰፊዋ ክው አለች። አባትየው ከሞተ ወዲህ በዚያ ቤት ሁለቱ ብቻ ናቸው።

ዝም ብላ ብትተወው ጥሩ ነበር። እሷ ግን ነገር ከያዘች የማትለቅ ሴት ናት። ክፍሉን ነካችው። ወጥ ቤት ይኖረው ይሆን? በሩስ ይቆለፋል? ከማን ጋር ልትኖር ነው? ሌላ ክፍል መጣ፤ እሱንም ነካችው። በማግስቱ ክፍሎቹ በዙ። ቆይቶ ወፍራም ካፖርት ተጨመረ። «ወይኔ! ብርድ አገር ልትሄድብኝ ነው» አለችና ካፖርቱንም ከፍታ ስፌቱን መረመረችው። የማይረባ ስፌት ነው።

ነገሩን ለጎረቤቷ ለፀጉር ሠሪዋ አወራቻት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ስልክ እኮ ልብ ያውቃል» አለቻት ፀጉር ሠሪዋ። «ጉልበቴን አመመኝ ብዬ አፌን ሳልዘጋ የጉልበት ቅባት አላመጣልኝም መሰለሽ!»

«ታዲያ ልጄ ልትሄድ ነው በያ።»

«እኔ ምን አውቄ? ጠይቂያት እንጂ! አፍ የለሽም እንዴ?»

አፍስ ነበራት። ግን ከጠየቀች መልስ ይመጣል፤ እሷ የፈራችው መልሱን ነው። ስለዚህ ሱሪ ማሳጠሩን እየተወች ስልኩን መነካካት ያዘች። ባየች ቁጥር ይብሳል፤ በባሰ ቁጥር፣ «በቃ፣ ነገሩ ቆርጧል» ትላለች። አንድ ቀን የአንድ ደንበኛዋን ሱሪ አንዱን እግር ከሌላው አሳጥራ ሰጥታ፣ ሰውየው ለብሶት መጥቶ፣ «እመቤት፣ እኔ አላነክስም እኮ!» አላት።

ልጅቷም ደህና አልሆነችም። ስልኳን ታይና፣ ወደ እናቷ ሰረቅ አድርጋ ታይና፣ ቶሎ በፊቱ ትደፋዋለች። አንዴ ሳትደፋው በፊት እናትየው አየችው። ክፍል ነው።

እሁድ ጠዋት የታጠበ አንሶላ ጫፍና ጫፉን ይዘው ሲያጥፉ፣ እናትየው ድንገት ቆመች።

«መቼ ነው የምትሄጂው?»

«አንቺስ መቼ ነው የምታስወጪኝ?» አለች ልጅቷ።

አንሶላው መሃላቸው ተንጠልጥሎ ቀረ።

«እኔ? የወለድኩሽ እኔ?»

«ክፍል የምትፈልጊልኝ አንቺ አይደለሽ? አሮጌው ስልክ እስካሁን በእኔ ስም ነው እማዬ። ከአካውንቴ ሳልወጣ ነው የሰጠሁሽ። አንቺ የነካሽው ሁሉ እኔ ጋ ይመጣል። ሰሞኑን ክፍል በክፍል ሆንኩ! ከየት እንደመጣ ሳየው ካንቺ ነው። እናቴ ሰለቸችኝ፣ አፍ አውጥታ ውጪ ማለት አቃታት ብዬ…»

«እኔማ ልትሄጂ ነው ብዬ ነው የነካሁት! ነካሁት፣ በዛ!»

«በነካሽው ቁጥር ይበዛላ! ደጋግሞ የነካ ሰው ልቡ ከጅሏል፣ ጨምሩለት ነው የምንለው።»

«እኔ ልቤ ቀልጦ ነው እንጂ ከጅሎ አይደለም። ድርጅታችሁ የፈራና የፈለገ ሰው አይለይም?»

ልጅቷ አሰበች። «አይለይም» አለች፤ ከዚያ ሳቅ አፈናት። እናትየውም ሳቀች። አንሶላውን አጥፋ፣ አስቀምጣ፣ ወደ መኪናዋ ሄዳ ቁጭ አለች። ክር ልታስገባ መርፌው ላይ አጎነበሰችና እጇ ቆመ።

«ቆይ እስቲ። ሻንጣውንስ ማን አመጣው?»

«የቱን ሻንጣ?»

«የመጀመሪያውን። እኔ ምንም ሳልነካ ነው የመጣው።»

የልጅቷ ሳቅ ፊቷ ላይ ደረቀ።

«እኔ ነኝ» አለች ቀስ ብላ። «ክፍሎቹ ያሉበት ከተማ ቅርንጫፍ ልንከፍት ነው፤ ሂጂ አሉኝ። አንድ ቀን ሻንጣም ክፍልም አየሁ። ከዚያ አንቺን ሳስብሽ ሆዴ ባባና ተውኩት። እውነቴን ነው፣ ትቼው ነበር እማዬ።»

«ነበር?»

«ኋላ ክፍሎቹ በየቀኑ መምጣት ጀመሩ። ዓይኔን ማዞር አልቻልኩም። አንዱን ወደድኩት።»

ልብስ ሰፊዋ እጇን ዘረጋች። «አሳዪኝ።»

ልጅቷ አሳየቻት። ትልቅ መስኮት ያለው፣ ግድግዳው የነጣ ክፍል ነው። እናትየው ወዲያው አወቀችው። በሩ ደህና መቆለፉን አያለሁ ብላ ከሁሉ አብልጣ ስትመላለስበት የሰነበተችው እሱን ነው። በገዛ ጣቷ ልጇ ፊት ያመጣችው እሷ ናት።

«መልስ ሰጠሻቸው?»

«ነገ ጠዋት ነው የሚፈልጉት።»

ሂጂ ልትል አፏ አልታዘዝ አላት፤ አትሂጂ ማለትንም ፈራች። ስልኩን መለሰችላትና ከፊቷ ያለውን ወንበር በእግሯ ገፋ አደረገችላት።

«ቁጭ በይ» አለቻት። «ስለ ሥራው ንገሪኝ። እኔን እያየሽ አታሳንሺው፤ እንዳለ ንገሪኝ።»

ልጅቷ ተቀመጠች። መናገር ስትጀምር ድምጿ ውስጥ ደስታ ነበረ፤ ልትደብቀው ሞክራ አልቻለችም። እናትየው ከመኪናዋ ጎን የተደገፈውን ስልክ በፊቱ ደፍታ ታዳምጣለች።