ያልታጠበው ማሊያ

ሙሚና ከሐይቅ ወደ መቀሌ የመጣችው በሃያ ዓመቷ ነው። አሁን ሃምሳን አልፋለች። ባሏ ኑርሁሴን ቀዳማይ ወያነ ገበያ ጭነት ያወርዳል፤ እሷ ሓድነት ሰፈር ባለው ግቢያቸው የሰው ልብስ ታጥባለች። አራት ሳፋ፣ አንድ በርሜልና ሦስት የማስጫ ገመድ አላት። ከዚህ ሌላ ያላት ስም ነው። ሙሚና ያጠበችው ነጭ ከመንገድ ማዶ ይለያል ይባላል። ገላነሽ የምትባል የጎንደር ሴት ባለ አሥራ ሁለት ክፍል ፔንስዮን አላት፤ ቤቱን ከከፈተች ጀምሮ አንሶላዎቿን ለሌላ እጅ ሰጥታ አታውቅም።

የሙሚና ሕግ አጭር ነው። የሰው ልብስ አደራ ነው። ሁለት ጊዜ ይታሻል፣ ሁለት ጊዜ ይለቀለቃል፣ ቆሽሾ አያድርም።

የእግር ኳስ ክለቡም ወደ እሷ የመጣው በዚሁ ስም ነው። ክለቡ ንህቢ ይባላል፤ ንህቢ በትግርኛ ንብ ማለት ነው። ማሊያውን ነጭ ያደረጉት በትግራይ ነጭ ማር ምክንያት ነው ይላሉ ደጋፊዎቹ። በከተማው ኳስ ለዓመታት ቆሞ ነበር። ንህቢ ወደ ትልቁ ሊግ ሲመለስ ደመወዝተኛ ተጫዋቾች ነበሩት፤ ማሊያ ግን አንድ ሙሉ ብቻ። ስለዚህ በየጨዋታው ማግስት ትጥቅ ያዡ አያ ስብሓት ማሊያውን በጆንያ ይዘው ወደ ሙሚና ይመጣሉ። ከሁለት ቀን በኋላ ተጣጥፎ ይወስዳሉ። አያ ስብሓት ሸምገል ያሉ፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ናቸው። ማሊያ ሲረከቡ አንድ በአንድ ወደ ብርሃን አንስተው ያዩታል፤ ከዚያ «ጽቡቕ» ይላሉ፣ ጥሩ ነው ለማለት። ለሙሚና ይህ በቂ ነበር።

ዓመቱ በክፉ ተጀመረ። እስከ ጥር አሥራ ሦስት ጊዜ ተጫውተው አንዴ ብቻ አሸነፉ። በሊጉ ግርጌ የሚጨርሱት ሁለቱ ይወርዳሉ። የወረደ ክለብ ደግሞ ይበተናል፤ ይህን ሁሉም ያውቀዋል።

በጥር የሓድነት ቧንቧ ሃያ ሁለት ቀን ደረቀ። ሙሚና በጋሪ የሚዞር ውሃ ገዛች። ከየት እንደተቀዳ ባለ ጋሪው አልተናገረም። ውሃው ሲዘቅጥ በርሜሉ ሥር ጣት የሚሸፍን አፈር ተኛ። ያም ሆኖ ማሊያዎቹን ሁለት ጊዜ አሸች፣ ሁለት ጊዜ አለቀለቀች። ገመድ ላይ ሲደርቁ የሻይ ቀለም ያዙ።

አያ ስብሓት መጥተው አንዱን ወደ ብርሃን አነሱት። አላጣጠፉትም።

«ውሃ ጠፋ ማለት ነው?» አሏት። «ሳታጥቢው ቀረሽ?»

ሙሚና ወደ በርሜሉ ዞረች። አጥቤዋለሁ ብትል፣ አጥባ እንዲህ ሆነ ማለት ነው። በመቀሌ ውሃ ጠፍቶ አላጠብኩም ባለ ሰው ላይ ማንም አይፈርድም። አጥቤ ቡናማ አወጣሁ ያለችን አጣቢ ግን ማን መልሶ ያምናታል?

«ውሃ የለም» አለች።

በሕይወቷ የዋሸችው ትልቁ ውሸት ይኸው ነው። ሁለት ቃል።

ንህቢዎች በዚያ ማሊያ ወጥተው የሊጉን መሪ ሦስት ለዜሮ አሸነፉ። አምበላቸው ሔሩይ፣ ዘጠኝ ቁጥር የሚለብሰው ረጅሙ ልጅ፣ ሁለቱን ጎሎች አገባ። በማግስቱ አያ ስብሓት ጆንያውን ይዘው መጡና ከበሩ ሳያልፉ መልእክቱን አደረሱ። ተጫዋቾቹ ተማክረዋል። ማሊያው ከእንግዲህ አይታጠብም። ሳይታጠብ እሷ ዘንድ ይዋል፣ ሳይታጠብ ይመለስ፤ የተለመደው ነገር እንዳይፈርስ ነው። ክፍያዋም አይቀርም።

«ላብ እኮ ጨርቅ ይበላል፣ አያ ስብሓት» አለች።

«ድል ከተገኘ ይብላው» አሉና ሄዱ።

ሙሚና ጆንያውን ግቢው መሃል አስቀምጣ ዞረችው። ሽታው ይጣራል። ሳታጥብ የእጥበት ዋጋ መውሰድ ሐራም ነው። ቆሽሾ ማደር ደግሞ ሕጓ አይደለም። አጥባ ነጭ ብትመልሰው ልጆቹ ልባቸው ይሰበራል። እስከ ዐሥር ሰዓት አሰበች። ከዚያ ሳፋውን አወጣች።

ከማጠቧ በፊት ግን ማሊያዎቹን መሬት ላይ በተራ ዘርግታ አየቻቸው። አራት ቁጥር ሲወድቅ በቀኝ ትከሻው ነው። ሰባት ቁጥር ፊቱን በማሊያው ጫፍ ይጠርጋል። ዘጠኝ ቁጥር፣ ሔሩይ፣ ጀርባው ላይ የሰው ጣት ምልክት አለ፤ ተከላካዮች ሁልጊዜ ይጎትቱታል። ሁሉንም በዓይኗ ያዘች። ቧንቧው በዚያው ሳምንት መጥቶ ስለነበር አጠበች፣ አለቀለቀች፣ አሰጣች። ማሊያው እንደ ድሮው ነጭ ወጣ። ሲደርቅ ከጓሮዋ አፈር ቆፍራ በወንፊት ነፋች። እድፉም ቢሆን ንጹሕ መሆን አለበት። የነፋችውን ይዛ ተቀመጠችና እያንዳንዱን እድፍ ወደ ቦታው መለሰች። የአራት ቁጥርን ትከሻ፣ የሰባት ቁጥርን ጫፍ፣ የሔሩይን ጀርባ በጣቷ።

በግቢው አብራት የምትኖረው ወይኒ ከበሯ ቆማ ይህን ሁሉ ታያለች። ወይኒ ልብስ ሰፊ ናት፤ ምላሷም እንደ መቀሷ ነው።

«ሓፍተይ፣ እህቴ» አለች በመጨረሻ፣ «ሠላሳ ዓመት ስታጥቢ አየሁሽ። ስታቆሽሺ ግን ከዚያ ይበልጣል ሙያሽ።»

ሙሚና አልሳቀችም። «ሽታውስ?» አለቻት ወይኒ። «ሽታውን ከየት ታመጪዋለሽ?»

ይህን አላሰበችም ነበር። ዞር ዞር ብላ ኑርሁሴን ለጭነት የሚለብሰውን ካፖርት ከምስማሩ አወረደችና ከማሊያዎቹ ጋር ጆንያ ውስጥ ከተተችው። ማታ ኑርሁሴን ካፖርቱን ፈለገ። ለክለቡ እየተጫወተ ነው አለችው። ሰውየው እስኪጠግብ ሳቀ፤ ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ራሱ ያመጣላት ጀመር።

እንዲህ ሆነው እስከ ሰኔ ዘለቁ። ንህቢ ሰባት ጊዜ አሸነፈ፣ አምስት ጊዜ አቻ ወጣ። ሦስቴ ተሸንፏል፤ ያን ጊዜ ጥፋቱ ጆንያውን አጥብቀው አራግፈዋል ተብሎ በአያ ስብሓት ላይ ተላከከ። የማይታጠበው ማሊያ ወሬው ገበያ ገባ፣ ሬዲዮም አወራው። ደጋፊዎች ሸሚዛቸውን ሳያጥቡ ወደ ሜዳ መምጣት ጀመሩ። የመቀሌ ሚስቶች ያን ወቅት በደግ አያነሱትም።

ከተማው ሲደሰት የሙሚና ስም ግን እየኮሰሰ ሄደ። ማሊያው ከእሷ ግቢ እንደሚወጣ ሁሉም ያውቃል፤ ንህቢ ሜዳ በወጣ ቁጥር በሺህ ሰው ፊት ቆሽሾ የሚታየው የእሷ እጅ ሥራ ነው። ልብስ የሚያመጡላት ሰዎች አንድ በአንድ ቀሩ። በግንቦት ገላነሽ ራሷ መጣች። አንሶላዎቿን ከገመዱ ሰብስባ አጣጠፈች።

«ሙሚናዬ፣ አትቀየሚኝ» አለች። «እንግዳ አንሶላችሁን ማን ያጥባል ሲለኝ ስምሽን መጥራት አፈርኩ።»

ሙሚና የምትናገረው ነበራት። ብትናገር ግን ሔሩይ ይሰማል። አንሶላውን እስከ በር ተሸክማ ሸኘቻት። ወይኒ ያን ዕለት አልቀለደችም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብላ ወደ ስፌቷ ገባች።

የመጨረሻው ጨዋታ በሰኔ ማለቂያ፣ እዚያው በከተማው ሜዳ ሆነ። ካሸነፉ በሊጉ ይቆያሉ፤ አቻ እንኳ ያወርዳቸዋል። በዚያ ሳምንት ማሊያውን ያመጣው ሔሩይ ራሱ ነው። ጆንያውን እንደ ሕፃን አቅፎ መጣ።

«አደይ ሙሚና» አላት እንደ እናቱ፣ «የዛሬውን አደራ። እንዳይነካ።»

ልትነግረው አፏን ከፈተች።  በሜዳ ላይ ማንንም የማይፈራው ልጅ ጆንያውን መልቀቅ አቅቶታል።

«አብሽር» አለችው። ጆንያውን ከእቅፉ ወሰደች።

ሳምንቱን ሙሉ ቧንቧው አልመጣም። የነበራት ሁለት ጀሪካን ውሃ ነው። አንድ ተኩሉ ለማሸቱ አለቀ። በቀረው ግማሽ አንድ ጊዜ ብቻ አለቀለቀች። ሳሙናው እንዳልለቀቀ እጇ ነገራት፤ ጨርቁ በጣቶቿ መሃል ይንሸራተታል። ፀሐዩ ጠንካራ ነው፣ ይደርቃል፣ ማን ያውቃል አለች። እንደ ልማዷ አፈሩን ነፍታ መለሰች፣ ካፖርቱንም ጨመረች።

በጨዋታው ቀን ወይኒ ጎትታ ሜዳ ወሰደቻት። ሙሚና ሜዳ ገብታ አታውቅም። ከአጥሩ ሥር ቆሙ። ገላነሽም ከፔንስዮኗ እንግዶች ጋር ከጀርባቸው ተቀምጣ ነበር፤ ሰላም ተባባሉ፣ ከዚያ ሁለቱም ወደ ሜዳው አዩ። ሙሚና ኳሱን አላየችም። የምታየው ማሊያውን ነው። አራት ቁጥር እንደገና በቀኝ ትከሻው ሲወድቅ፣ ልክ ነበርኩ ብላ ለራሷ ራሷን ነቀነቀች።

ሰዓቱ ሄደ፣ ጎል የለም። የተጋጣሚው አምስት ቁጥር፣ ግንድ የመሰለ ተከላካይ፣ የሔሩይን ማሊያ ከያዘ አልለቀቀም። ዳኛው ዞር ባለ ቁጥር ይጎትተዋል። ሃያ ደቂቃ ሲቀር ሰማዩ በእንዳየሱስ ኮረብታ በኩል ጠቆረ። ከዚያ የክረምቱ የመጀመሪያ ዝናብ ወረደ፤ አላንጠባጠበም፣ ተደፋ።

መጀመሪያ አፈሩ ለቀቀ። ቡናማ ውሃ በተጫዋቾቹ ቁምጣ ላይ ወረደ። ቀጥሎ ማሊያው ነጣ። ከወገብ በላይ አሥር ሰዎች በሕዝብ ፊት እንደ ወተት ሆኑ። ሰዉ ምን እያየ እንደሆነ አልገባውም። ሙሚና ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። የሚመጣውን ታውቀዋለች።

አረፋው መጣ። ከሔሩይ ትከሻ ጀመረ፣ ወደ አራት ቁጥር አለፈ። የሮጡበት ቦታ ሁሉ አረፋ ይተዋል። ሰባት ቁጥር እንደ ልማዱ ፊቱን በማሊያው ሲጠርግ ዓይኑ ተቃጥሎ ቆመ። ከወዲያ በኩል የተጋጣሚው ደጋፊዎች ሻወር ቤት ገቡ እያሉ ሲስቁ፣ ከወዲህ ሽማግሌዎች እየተያዩ ይህ ሳሙና ነው አይደለም እያሉ ተከራከሩ።

«ጉድ ፈላ» አለች ወይኒ ክንዷን ይዛ። «አላለቀለቅሽውም?»

«አንዴ» አለች ሙሚና። «ግማሽ ጀሪካን።»

ሁለት ደቂቃ ሲቀር ንህቢዎች የማዕዘን ምት አገኙ። አምስት ቁጥር የሔሩይን ማሊያ በሁለት እጁ ጨበጠ። ኳሱ መጣ። ሔሩይ ዘለለ። ጨርቁ ከሰውየው እጅ እንደ ዓሣ ሾልኮ ወጣ። ተከላካዩ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ በአረፋ የተሞላ መዳፉን ሲያይ፣ ሔሩይ ብቻውን ከሁሉም በላይ ነበር። በግንባሩ መታው። መረቡ ተናወጠ።

ከዚያ የሆነውን ሙሚና በደንብ አታስታውሰውም። የማታውቀው ሰው አቅፏታል፤ ወይኒ እልል ብላለች። አምስት ቁጥር እጁን ለዳኛው አሳየ። ዳኛው መዳፉን አሸተተ፣ ፈገግታውን በፊሽካው ደበቀ፣ መሃል ሜዳውን አመለከተ። የእግር ኳስ ሕግ ሰው ልብስህን ሲጎትት መሾለክ አይከለክልም።

ጨዋታው አለቀ። ንህቢ በሊጉ ቆየ። ተጫዋቾቹ ሲጨፍሩ ሔሩይ ብቻውን ወደ አጥሩ መጣ። ማሊያውን አውልቆ በእጁ ይዞታል፤ ሲጨምቀው አረፋ ይወጣዋል። አያ ስብሓት ከኋላው ቆሙ።

«አደይ ሙሚና፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ሳሙና።»

«መቼ ታጠበ?»

ዝናቡ ፊቷ ላይ ይወርዳል። ከእንግዲህ የምትደብቀው የለም።

«ሁልጊዜ» አለች። «ያን የጥር ወሩንም አጥቤዋለሁ። ውሃው ነው ያበላሸው። እድፉን የመለስኩት እኔ ነኝ፣ በእጄ።»

ሔሩይ ወደ ላይ አየ፤ ያሸነፏቸውን ጨዋታዎች አንድ በአንድ የሚቆጥር ይመስላል። ከዚያ አጥሩን ይዞ እስኪያጎነብስ ሳቀ። አያ ስብሓት ማሊያውን ከእጁ ወሰዱ። ወደ ብርሃን አነሱት፤ ብርሃን ባይኖርም።

«ጽቡቕ» አሉ።

ከጀርባ ገላነሽ ሰምታለች። ወርዳ ከሙሚና ጎን ቆመች። 

«አንሶላዬን ነገ አመጣለሁ» አለች። «እንዲህ አረፋ እያወጣ እንዳይመለስ እንጂ።»

«ውሃ አብረሽ አምጪ» አለቻት ሙሚና።

በማግስቱ ገላነሽ አንሶላዋን አመጣች፤ ሁለት ጀሪካንም ጨምራ። ከሰዓት በኋላ ሔሩይና አሥር ጓደኞቹ እያንዳንዳቸው ጀሪካን ተሸክመው በሓድነት መንገድ ተሰልፈው መጡ። ሰው ከሱቁ ወጥቶ ያያቸው ነበር። በርሜሉ ሞልቶ ፈሰሰ። ሙሚና ማሊያዎቹን ሁለት ጊዜ አሸች፣ ሦስት ጊዜ አለቀለቀች። የመጨረሻው ውሃ በሳፋው ውስጥ እንደተቀዳ ጥርት ብሎ ቀረ። ዘጠኝ ቁጥርን ከፊት፣ ከመንገድ በሚታየው ገመድ ላይ አሰጣችው።

ወይኒ በቆርቆሮ የቀረውን የተነፋ አፈር አንስታ ይህስ ምን ይሁን አለቻት። ሙሚና ተቀብላት ጓሮ ካለችው የቃሪያ ችግኝ ሥር አፈሰሰችው፤ በእግሯም ጠቅጠቅ አደረገችው። ኑርሁሴንም ካፖርቱን መልሶ ምስማሩ ላይ ሰቀለ።

«ይሄኛውንስ አታጥቢውም?» አላት።

አሸተተችው። ሳፋውን መልሳ አወጣች።