መቶ አርባ ማይል

«ያ ልጅ ደጄን እንዳይረግጥ ብያለሁ!»

እናትነሽ ይህን ስትል ጋራዡን የሞላው ለቀስተኛ ዞሮ አያት። ሳህን የያዘው ሳህኑን እንደያዘ፣ ውሃ የሚያድለው ካርቶኑን እንዳቀፈ ቀረ። ሦስት ቀን ሙሉ በልቅሶ ድምጿ ተዘግቶ ነበር፤ ያቺን ቃል ግን ከየት እንዳመጣቻት እንጃ፣ የዊትኒ ሰፈር በሙሉ ሰማት።

«ያ ልጅ» ያለችው ነቢልን ነው። የሟቹ የሊውል ጓደኛ ነው፤ አንድ ክፍል ተምረው፣ እሷ ቤት አንድ ሳህን ላይ እየተሻሙ በልተው ያደጉ ናቸው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሰኞ መጥቶ ከመንገዱ ማዶ የጎረቤት አጥር ሥር ቆመ፤ ማክሰኞም ቆመ፤ ዛሬ ረቡዕም ይኸው ቆሟል። ሙቀቱ በፋራናይት መቶ ዘጠኝ ገብቷል፤ በዚህ ፀሐይ ውሻ እንኳ ደጅ አይወጣም።

«ጋሽ ጥላሁን፣ ይሂዱና ያባሩልኝ» አለች። «ልጄን ገጭቶ ገድሎ ደግሞ ለቅሶዬን ሊያይ ይመጣል? ኧረ እንዴት ያለ ዓይን አውጣ ነው!»

የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ጥላሁን ከዘራቸውን ይዘው ብድግ አሉና መርሻን አዩት። መርሻ የሊውል አባት ነው። እሱ ደግሞ መሬት መሬቱን አየ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነቢል ማንንም አልገጨም። እሁድ ማለዳ ሁለቱ ልጆች በየመኪናቸው ሆነው ከሄንደርሰን ከተማ ወዲያ ባለው ባዶ መንገድ ላይ እሽቅድምድም ገጠሙ። ነቢል ፈርቶ ወደኋላ ቀረ። ሊውል አልቀረም፤ ኩርባው ላይ መኪናው ከመንገድ ወጥቶ ተገለበጠ። ፖሊስም ያለው ይህንኑ ነው። ግን እኛ መርዶ እንዲህ ራቁቱን አናወጣም። ጋሽ ጥላሁን ሁለት ሽማግሌ አስከትለው የእናትነሽን በር ሲያንኳኩ፣ «ልጅሽ ሲጋልብ ሞተ» ብሎ ለእናት መንገር በየትኛው አንጀት? «ሌላ መኪና ገብቶበት ነው» አሏት። ሐዘኗ ላይ ጸጸት እንዳይደረብባት ብለው ነው፤ ክፋት የለበትም። በነጋታው አንዷ ለቀስተኛ ሳታስበው «ነቢልም አብሮት ነበር አሉ» አለቻት። በቃ፣ እናትነሽ የገጨውን መኪና ባለቤት አገኘች።

መርሻ እውነቱን ያውቃል፤ ያውቃልና ዝም ብሏል። ለሚስቱ አዝኖ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማን በወቀሰው! ያቺ ውሸት ግን እሱንም ትሸፍነው ነበር።

ጋሽ ጥላሁን ገና ከጋራዡ ሳይወጡ ከመንገዱ ጫፍ የሞተር ድምፅ ተሰማ። የታፈነ፣ ዝቅ ያለ ድምፅ ነው። «ደግሞ ምን መጣ?» አሉ አንዲት እናት አማትበው። መኪኖች ናቸው። እነዚያ ወለላቸው መሬት ሊነካ የደረሰ፣ ጭስ ማውጫቸው የተቀየረ፣ በየመንገዱ እያጓሩ ሲያልፉን «ጋኔን የሰፈረባቸው!» ብለን የምንረግማቸው። አምስት ሆኑ፣ ሃያ ሆኑ፣ መጨረሻቸው አልታይ አለ። ግን አንዱም ሞተር አላስጮኸም፤ አንዱም ዘፈን አልከፈተም። ታቦት እንደሚያጅብ ሰው፣ አንዱ ከሌላው ኋላ በእርምጃ ነው የሚመጡት።

ለቀስተኛው ሳያስበው ከመቀመጫው ተነሣ።

ልጆቹ መኪኖቻቸውን ከጎን ባሉት መንገዶች ደርድረው በእግራቸው መጡ። ሁሉም ጥቁር ለብሰዋል። አበሻ አለ፣ ፊሊፒኖ አለ፣ ሜክሲኳዊ አለ፣ ነጭ አለ። ማን እንደነገራቸው እንጃ፣ ያን እንደ ምጣድ የጋለ ሲሚንቶ ከቁብ ሳይቆጥሩ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ተሰለፉ። እናትነሽ ፊት እየደረሱ ጎንበስ አሉ። ቋንቋው የሌላቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አለፉ። አንዲት ፊሊፒኖ ልጅ እያለቀሰች በእንግሊዝኛ ተናገረች፤ ሊውል እናቷን በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት ያመላልስላት ነበር፤ እናቷን እንዳያማት ጉብታ ሲደርስ መኪናውን እንደ እንቁላል ነበር የሚያሳልፈው። እናትነሽ አፏን ይዛ ሰማቻት። ይህንን አንድም ቀን አልነገራትም።

«አቤት አምላኬ!» አሉ ጋሽ ጥላሁን ባርኔጣቸውን አውልቀው። «ይኼ ሁሉ ሕዝብ የዚያ የጭምቱ ልጅ ነው?»

መርሻም ፈዝዞ አየ። አብሮት የኖረው ልጅ ማታ ገብቶ «ሃይ ዳዲ» ብሎ ክፍሉን የሚዘጋ ልጅ ነበር። ይህ ሁሉ ወጣት የሚያለቅስለት ሰው ቤቱ ሲኖር እንዴት ሳያውቅ ቀረ? ሰልፉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየ፤ ነቢል የለበትም። ነቢል ያው ከማዶ እንደቆመ ነው። መርሻ አንድ ውሃ አንሥቶ መንገዱን ተሻገረ።

የነቢል ግንባር በፀሐይ ተልጧል። ውሃውን ተቀበለ እንጂ አልጠጣም።

«ጋሼ፣ አንተ ግባ። ፀሐይ ነው» አለው። እዚህ አገር ተወልደው ያደጉ ልጆች አንቱታ አያውቁም፤ ፍቅራቸው ግን ያው ነው።

«ስማ ነቢል፣ ለምን አልገጨሁትም አትልም? ሦስት ቀን ስትሰደብ አፍ የለህም?»

«ጋሽ ጥላሁን አለኝ፣ ለእናት እንደዚህ ይሻላል።» ጠርሙሱን በእጁ አሽከረከረ። «እኔም አሰብኩ። አንቲ እናትነሽ እኔን ከጠላች፣ ላይክ፣ ሊውልን አትቆጣም። ኢትስ ኦኬ። እኔ እችላለሁ።»

መርሻ ጠጉሩ ቆመ። እሱ የሃምሳ ሁለት ዓመቱ ሰው ሦስት ቀን ሙሉ መሸከም ያቃተውን፣ ይህ ጢሙ እንኳ በወጉ ያልበቀለ ልጅ በፀሐይ ቆሞ ተሸክሞለታል።

«ለምንድን ነው እንዲህ የምትነዱት?» አለ በመጨረሻ። «ንገረኝ፤ አልቆጣም።»

ነቢል ወደ ጠርሙሱ አቀረቀረ። «ሰው ሁሉ ፈን ስለሆነ፣ ደስ ስለሚል ነው ይላል። እኔ ኮ በጣም ነው የምፈራው። ግን እዛ ስፒድ ላይ ስትደርስ ሁሉም ኳየት ይሆናል፣ ፀጥ ይላል። ቤት ስንሄድ፣ ዶክተር ሁን፣ ኢንጂነር ሁን፣ የእነ እንትናን ልጅ አታይም? ሥራ ቦታ ደግሞ ማንም አያየንም። እዛ ጋ ግን ትልቅ ነህ። ተራራው ራሱ ወዳንተ ይመጣል።» ቀና ብሎ መርሻን አየው። «ሊውል ግን ለሱ አይደለም። ሊውል አንተን ነው የሚፈልገው።»

«እኔን?»

«ቀዩን መኪና። ሁልጊዜ ከመነሣታችን በፊት ያወራል። "ማይ ዳድ መቶ አርባ ነድቷል፣ ፊቱ እንኳን አልተቀየረም" ይላል። እሁድም፣ "ዛሬ የዳዲን ነምበር እይዛለሁ" አለኝ። እኔ መቶ አሥር ላይ እግሬን አነሣሁ። ሶሪ ጋሼ። ሶሪ፣ አነሣሁ።»

መርሻ አጥሩን ያዘ።

መርሻ ቁማር ቤቶቹ በተደረደሩበት ጎዳና፣ ስትሪፑ ላይ፣ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ቫሌት ነው። የእንግዳ መኪና ተቀብሎ ፓርክ ያደርጋል፣ ሲጠሩት ያመጣል። በዓለም ላይ አለ የተባለ መኪና በእጁ ያላለፈ የለም፤ ሁሉንም ግን የነዳው ከበር እስከ ፓርኪንጉ ነው። ሊውል ሕፃን ሳለ ማታ ማታ በር ላይ ይጠብቀውና «ዳዲ፣ ዛሬ ምን ነዳህ?» ይለው ነበር። መርሻም እየቆጠረ ይነግረዋል፤ ልጁ አፉን ከፍቶ ይሰማል። የዓለም ንጉሥ አባቱ ነበር።

አንድ ቀን እናትነሽ ልጁን ይዛ ሆቴሉ ድረስ መጣች። ሊውል የዚያን ዕለት አባቱን በዓይኑ አየው። እየሮጠ በር ሲከፍት፣ ጎንበስ ሲል፣ አንድ ጎረምሳ ዞር ብሎ እንኳ ሳያየው ቁልፍ ሲወረውርለትና ሲያመልጠው፣ ቁልፉን ከመኪናው ሥር ተንበርክኮ ሲያወጣ። ያን ማታ ልጁ በር ላይ አልጠበቀም፤ ከዚያ በኋላም «ምን ነዳህ?» ብሎ አልጠየቀም። መርሻ ስንት ነገር ችሏል፣ ይህቺን ግን አልቻላትም።

ወር ሳይሞላ አንድ የታወቀ ቁማርተኛ ደንበኛ የቀይ መኪናውን ቁልፍ ሰጥቶ፣ «አሳጥበህ አምጣልኝ፣ አትቸኩል» አለው። ማጠቢያው ቅርብ ነው። መርሻ ግን በትምህርት ቤቱ በኩል ዞረ፤ የአሥራ አንድ ዓመት ልጁን ጭኖ ሰዘርን ሃይላንድስ የሚባለውን ሰፈር አለፈ፤ በረሃው ውስጥ ከገባው ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ሲደርስ ወደፊትም ወደኋላም ማንም የለም። ረገጠው። ሰማንያ፣ መቶ፣ መቶ ሃያ። የመንገዱ መስመሮች አንድ ሆኑ። ሰማዩ የተከፈተ መሰለው፤ በዕድሜው እንደዚያች ደቂቃ የእግዚአብሔርን ስም ከልቡ ጠርቶ አያውቅም። መቶ አርባ ላይ ልጁን በጎን አየው። ሊውል አልጮኸም፤ አልሳቀም። ዓይኑ መንገዱ ላይ አልነበረም። የሚያየው አባቱን ነበር።

መኪናው ሲቆም ሊውል ክንዱን በጣቱ ነካ አድርጎ፣ «ዳዲ፣ አንተ ነህ?» አለው።

«እኔ ነኝ» አለ መርሻ፣ ደረቱ እስኪፈነዳ ኮርቶ። «ለእማዬ እንዳትነግር እሺ?»

ልጁ ቃሉን ጠበቀ። ስምንት ዓመት ለእናቱ አልነገረም።

መርሻ ወደ ጋራዡ ተመለሰ። ይህን ከተናገረ ሚስቱን እንደሚያጣ አውቆታል፤ ሃያ ሦስት ዓመት አብራው የኖረች ሴት ናት፣ ፊቷን ስታዞር እንዴት እንደምታዞር ያውቃል። ዝም ካለ ደግሞ ያ ልጅ ዕድሜውን ሙሉ የሊውል ገዳይ ይባላል። ለቀስተኛው መሐል ገብቶ ቆመ።

«እናትነሽ፣ ነቢል ልጃችንን አልገጨውም።»

«መርሻ፣ ተው!» አሉ ጋሽ ጥላሁን። «አሁን ጊዜው አይደለም።»

«እርስዎ ለደግ ብለው ነው፤ እኔ ግን የተደበቅኩት ለራሴ ነው። ይተዉኝ ልናገር።» ወደ ሚስቱ ዞረ። «የነካው መኪና የለም። ሊውል ብቻውን ነው የተገለበጠው። ፍጥነቱን ደግሞ ያስቀመስኩት እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ነገራት። የወደቀውን ቁልፍ፣ ቀዩን መኪና፣ መቶ አርባውን፣ «ለእማዬ እንዳትነግር» ያለውን፣ እሁድ ማለዳ ልጁ ለነቢል ያለውን ቃል ሳይቀር። በር ላይ የተሰለፉት ልጆች ቋንቋው የማይገባቸው እንኳ ባሉበት ደርቀው ቀሩ።

«ስምንት ዓመት» አለች እናትነሽ። «ስምንት ዓመት አንድ ማዕድ ላይ እየበላን?»

«አዎ።»

«በሊውል አምላክ እውነቱን ንገረኝ። ልጄ ያን ቀን ፈርቶ ነበር?»

መርሻ ለመዋሸት አሰበ። ውሸቱ ምላሱ ላይ ነበር፤ ተወው።

«አልፈራም። እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።»

እናትነሽ ዓይኗን ጨፈነች። ሴቶቹ ትወድቃለች ብለው ደገፏት። እሷ ግን እጃቸውን ቀስ ብላ ከላይዋ አነሣችና ቆመች። በመርሻ አጠገብ ስታልፍ አላየችውም፤ ትከሻዋ እንኳ እንዳይነካው ዘወር ብላ ነው ያለፈችው። እሱም መንገድ ለቀቀላት። ሰልፈኞቹ ልጆች ለሁለት ተከፈሉላት።

ነቢል ስትመጣ ሲያይ ራሱን ዝቅ አደረገ። በጥፊ የምትመታው መስሎት ዓይኑን ጨፈነ። እናትነሽ ፊቱ ቆማ የተላጠ ግንባሩን ብዙ አየችው። ከዚያ እጁን ያዘች፤ እንደ ትልቅ ሰው ሰላምታ ሳይሆን፣ አንጓው ላይ ጠበቅ አድርጋ።

«አንቲ፣ እኔ—»

«ና፣ እንግባ።»

ከአስፋልቱ ጠርዝ ሲደርሱ ቆመች። ግራ አየች፣ ቀኝ አየች። ከሩቅ የፖስታ መኪና በየደጁ እየቆመች፣ እየተንፏቀቀች ትመጣለች፤ በዚያ አካሄዷ አሥር ጊዜ መሻገር ይቻል ነበር። እናትነሽ ግን አልተሻገረችም። ከእሷ በሁለት ስንዝር የሚረዝመውን ልጅ፣ ክንዷን ደረቱ ላይ ዘርግታ፣ መኪናዋ አልፋ እስክትሄድ ወደኋላ ገፍታ ያዘችው።