ግራውን ያዢ

ኬንያ፣ ኤልዶሬት ከተማ ውስጥ መኪና መንዳት ሳስተምር አሥራ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ውድድር ላይ ግን መሪ ጨብጬ አላውቅም ነበር። አውቶክሮስ የሚሉትን የሜዳ ላይ የመኪና ውድድር ካልሞከርሽ ብሎ የወተወተኝ ኪሙታይ ነው፤ የሟች ወንድሜ የልብ ጓደኛ። ወንድሜን ከቀበርን ወዲህ "እህቴ" ነው የሚለኝ፤ እኔም ሆዴን የማልደብቀው ከሱ ብቻ ነበር።

የውድድሩ ቀን ከማለዳ ጀምሮ ዘነበ። ሜዳው ጭቃ በጭቃ ሆነ። መኪናዎቹ በየተራ ብቻቸውን ይወጣሉ፤ ሁሉም ሁለት ጊዜ ይነዳል፤ የተሻለው ሰዓት ይያዝለታል። ተራችንን ያስመዘገበው ኪሙታይ ነው፤ እኔ ቀድሜ፣ እሱ ተከትሎኝ።

ሄልሜቴን እያሰረልኝ፣ "ጄላጋት፣ ስሚኝ" አለ። "ከባሕር ዛፎቹ በታች ውሃ ያቆረ ጎድጓዳ አለ። ግራውን ያዢ፤ ነዳጅ እንዳትለቂ።"

"ቀኙ ከፍ ያለ ይመስላል እኮ።"

"ቀኙ ያንሸራትታል። ትናንት በእግሬ ዞሬ አይቼዋለሁ። አታምኚኝም እንዴ?"

"አንተን ያላመንኩ ማንን ላምን ነው?"

ባንዲራው ወረደ። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ መሪውን ብጠመዝዘው መኪናዋ አልሰማችኝም፤ ቀጥ ብላ ሄደች። ደንግጬ ፍሬን ስረግጥ ኋላዋ ዞረ። ለተማሪዎቼ ቀን ከሌት የምለፈልፈውን ራሴ ረስቼዋለሁ! ፍሬኑን ለቀቅኩ፣ መሪውን ቀስ አድርጌ መለስኩ፣ ታዘዘችልኝ። ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅኩ። ከዛፎቹ በታች ግራውን ያዝኩና ነዳጁን ረገጥኩ።

ውሃው ኮፈኑን አልፎ መስታወቱን መታው። ሞተሩ ሁለቴ አሳለና ጠፋ። ጫማዬ ውስጥ ውሃ ሲገባ ተሰማኝ። በትራክተር ጎትተው አወጡኝ፤ ተመልካቹም "ማሚ፣ ዓሣ አገኘሽ ወይ?" እያለ ያፌዝብኛል።

ቀጥሎ ኪሙታይ ወጣ። ቀኙን ይዞ አለፈና የቀኑን ምርጥ ሰዓት አስመዘገበ።

ፎጣ ፍለጋ ወደ ድንኳናችን ስጠጋ ድምፁን ሰማሁ። ለመካኒኩ ነበር የሚያወራው።

"ግራው ምን ያህል እንደሚጠልቅ በምን ላውቅ? ጄላጋትን ላክኋትና ለካችልኝ!"

ሁለቱም ተሳሳቁ። መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ።

"በእግሬ ዞሬ አይቼዋለሁ አላልከኝም?"

ትንሽ ደነገጠ። "ጨዋታ እኮ ነው፣ እህቴ። አንቺ ጀማሪ ነሽ፤ ገባሽበትም አልገባሽበትም ዋንጫ አትወስጂም።"

"ሞተሬስ?"

"እኔው እሠራልሻለሁ፤ በነፃ።"

ያቃጠለኝ ይሄ ነው። የተበላሸው ሞተሩ ብቻ መስሎታል።

ካንዴላዎቹን ፈትቼ በቀሚሴ ጫፍ አደረቅኳቸው። ሊያግዘኝ ሲመጣ "እጅህን አንሳ" አልኩት። ከብዙ ልመና በኋላ ሞተሩ ተነሳ። በሁለተኛው ዙር ማንንም ሳልጠይቅ ነዳሁ፤ ከአሥራ አራት ሰው አሥራ አንደኛ ወጣሁ።

ኪሙታይ ዋንጫውን ሲቀበል ማይኩን ይዞ፣ "ዛሬ እህቴንም ይዣት መጥቻለሁ፤ አጨብጭቡላት!" አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔም ሰው ፊት ምን ላድርግ፣ እጄን አውለበለብኩ።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን አጠገቤ ሊቀመጥ ሲመጣ ቦርሳዬን ወንበሩ ላይ አኖርኩበት። ትንሽ ቆሞ ጠበቀኝ። አላነሳሁለትም።