የወይራ ጎማ

ቸኮለ ቂም ሲይዝ እንደ እንጨት ነው የሚያደርቀው፤ ጥላ ሥር አጋድሞ፣ አልፎ አልፎ እያገላበጠ። ቡሬ ዳር ባለችው መንደራችን አናጢ እሱ ብቻ ስለሆነ፣ በርም አልጋም ቂምም ከአንድ እጅ ይወጣል።

የዚህኛው ቂም መነሻ ዋንዛ ነው። ሚስቱ ዓባይነሽ ዓይኗ ከበራላት፣ የጓሮ ዋንዛቸው ተቦርቡሮ የቅዱስ ገብርኤል ከበሮ እንዲሆን ተስለው ነበር። ለሕክምና ፍኖተ ሰላም ሄደው፣ መንገድ ተዘጋና እዚያው ከረሙ። ዓይኗ በራላት። ቤቷ ስትመለስ በበራው ዓይኗ መጀመሪያ ያየችው ጉቶውን ነው።

ጎረቤታቸው የበርበሬ ነጋዴው ተስፋው ነው። አጥሩ የተጣሰው በእሱ መጋዘን በኩል ቢሆንም፣ የጉተታውን ዱካ ዝናብ አጥቦታል፤ አየሁ የሚል ሰውም የለም። ሁለቱም የአንድ ማኅበር ጽዋ ጠጪዎች ናቸውና ቸኮለ ነገሩን ለማኅበሩ አነሣ። ተስፋው ብድግ ብሎ ጽዋውን ጨበጠ።

"እጄ ያን ዋንዛ ነክቶ እንደሆን ይሄ ይፍረድብኝ።"

በእኛ ማኅበር ጽዋ የተጨበጠበት ነገር ይዘጋል። መልሶ የሚያነሣው ሐሜተኛ ነው፤ ያኮረፈም ጽዋ አይደርሰውም። የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው ጋሽ ዘሩ ሁለቱን አሳሳሟቸው። የተስፋው ጉንጭ በርበሬ በርበሬ ይል ነበር።

"ስለቴስ?" አለች ዓባይነሽ ወደ ቤት ሲመለሱ። "ካላገባሁ ዓይኔ ተመልሶ ይጨልማል። ገብርኤልን ምን ልበለው?"

"ትንሽ ታገሠኝ በይው። እንጨት እየፈለግኩ ነው።"

ተስፋው ያምሮት የምትባል ልጅ አለችው፤ ገና አምስት ዓመት ያልሞላት፣ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር አጥር ላይ የምትንጠለጠል። ቸኮለ መኪና ሊሠራላት ተቀመጠ። አካሏን ከጥድ ጠረበ፤ ለመብራት ቆርኪ መታላት። ጎማዎቹንና የሚዞሩበትን ዘንግ ግን ከወይራ አወጣ። ደረቅ ወይራ በደረቅ ወይራ ላይ እንደማይዞር ማንም አናጢ ያውቃል፤ ይጮሃል። ቸኮለ ቀዳዳውን ደግሞ ጠበብ አደረገውና ገፋ አድርጎ ሞከራት። የአህያ፣ የአሮጌ በርና የአስለቃሽ ድምፅ አንድ ላይ ወጣ።

"ጎሽ" አላት።

የሚቀጥለው የማኅበር ተረኛ ተስፋው ነበር። ቸኮለ መኪናዋን በሰው ሁሉ ፊት፣ "ለእርቃችን ትሁን" ብሎ አበረከተ። ጋሽ ዘሩ እንባቸውን ጠረጉ። ቄሱም በመስቀላቸው ባረኳት። እንግዲህ የተባረከ ስጦታ አይሰበር፣ አይጣል።

ያምሮት ጎሕ ሲቀድ ትጀምራለች። የተስፋው ንግድ ደግሞ በስልክ ነው። አንድ የመራዊ ደንበኛው፣ "ምን እያረዳችሁ ነው?" ብሎ ዘጋበት። ዘይት ቢቀባት ዘይቱ አቧራ ጠጥቶ ጩኸቷን አወፈረው። ቢደብቃት ልጅቱ እህል አልቀምስም አለች።

"በመስቀል የተባረከ ነገር ደብቀህ ልጄን ልትገድልብኝ ነው?" አለችው ሚስቱ አልጣሽ። አወጣት።

በመጨረሻ ዓይኑ ቀልቶ ቸኮለ ዘንድ መጣ። ተስፋው ሲቸግረው አንቱ ይላል።

"አያ ቸኮለ፣ ይችን መኪና ዝም ያሰኙልኝ።"

"ወይራ ዝም አይልም። ጎማዋ ዋንዛ ቢሆን ለስላሳ ነው፣ ድምፅ የለውም። የኔን ዋንዛ ግን ታውቀዋለህ፣ ጅብ በላው።"

"ከገበያ ልግዛ?"

"የገበያው እርጥብ ነው፣ ይጣመማል። ከርሞ፣ ከፀሐይ ተከልሎ የደረቀ ነው የሚሆነው። ቁራጭ ይበቃል።" ቸኮለ መላጊያውን ወደ ፊት ገፋ። "እስክታገኝ ትጩህ። ልጅ ናት፣ ትጫወት።"

በማግሥቱ ተስፋው በፌስታል የተጠቀለለ ቁራጭ ይዞ ከተፍ አለ። ጋሽ ዘሩ የወንበራቸውን እግር ሊያስጠግኑ መጥተው ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። ቸኮለ ወንበሩን "ነገ፣ ነገ" እያለ ለዚህ ቀን አቆይቶት ነበር።

"ከሽንዲ ዘመድ ላከልኝ" አለ ተስፋው።

ቸኮለ ቁራጩን አሸተተና አስነጠሰው። "ጋሽ ዘሩ፣ እስቲ ያሽትቱት።"

ጋሽ ዘሩ ደጋግመው አስነጠሱ። አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠራርገው፣ "ልጄ፣ ሽንዲ ዋንዛውን በበርበሬ ነው የሚያሹት?" አሉ።

ተስፋው የመጋዘኑን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ። መጋዘኑ ተከፈተ። ከበርበሬው ጆንያ ሥር ግንዱ ተጋድሟል፤ አንድ ጫፉ ትኩስ የመጋዝ ቁስል አለበት። ዓባይነሽ ለልብስ ማስጫ የመታችው ሚስማር እንኳ አልተነቀለም። ጣቷን አሳርፋበት ቆየች።

"በሐሰት ለጨበጥከው ጽዋ ንስሐህን ቄሱ ይስጡህ" አሉ ጋሽ ዘሩ። "ግንዱን ግን በገበያ ቀን፣ በራስህ ትከሻ ለገብርኤል ታስረክባለህ።"

ቅዳሜ ተስፋው ከፊት፣ ጎረምሶች ከኋላ ሆነው ግንዱን ተሸከሙ። ቸኮለ ጎን ጎኑን ይሄዳል። ያምሮት መኪናዋን በገመድ እየጎተተች ተከተለች። ግንዱን ልብ ያላለ ገበያተኛ ሁሉ በጩኸቷ ዞሮ አየ፤ አይቶም ጠየቀ፤ ጠይቆም ተረዳ።

"አያ ቸኮለ" አለ ተስፋው፣ ከግንዱ ሥር አንገቱን አጣሞ። "ጎማውን ዛሬ እቀይራለሁ ብለውኝ አልነበረም?"

"እቀይራለሁ እንጂ።"

ቸኮለ እጁን ኪሱ ከተተ። የዋንዛ ጎማዎቹ ተልገው፣ በሰም ተወልውለው እዚያው ናቸው።

"ስንደርስ" አለና፣ በእህል ተራ በኩል የሚዞረውን ረጅሙን መንገድ አሳየው።