ከጽዱ ግርጌ የተቀበረው

የውሃ ቧንቧው ቦይ ወደ አቶ ወዳጆ ማሳ ሊደርስ ጥቂት ክንድ ሲቀረው አቶ ወዳጆን እህል አልወርድ አላቸው። ጊዜው መጋቢት 1988 ዓ.ም. ነው። ከመሐል ሜዳ ከተማ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ በሆነችው ቀበሌያቸው፣ ከምንጩ እስከ ትምህርት ቤቱ ቧንቧ ሊቀበር፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ የቁፋሮ ድርሻ ተሰጥቶታል። የእሳቸውን ድርሻ ሰኞ የምትጀምረው ልጃቸው የምሥራች ነበረች።

የምሥራች መጀመሪያ ጾሙ ያደከማቸው መስሏት ነበር። ሐሙስ ከሰዓት ዲጂኖዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ስትመጣ ግን ዓይናቸው ከብረቱ ላይ አልነቀል አለ።

"አባዬ፣ ምን ሆነው ነው?"

"በዚያ ማሳ ውስጥ ቦምብ አለ" አሏት።

ጃጁ እንዴ ብላ ደነገጠች። እሳቸው ግን አስቀምጠው፣ ከሟች እናቷ እንኳ ደብቀው የኖሩትን ነገሯት።

በ1933 እንግሊዝና ጣሊያን በሰው አገር ሲዋጉ መንዝም ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ወዳጆ የአሥራ ስምንት ዓመት ጎረምሳ ሆነው፣ እንግሊዝ ጠመንጃ ከሚሰጣቸው አርበኞች ጋር ነበሩ። ታላቅ ወንድማቸው ትዕዛዙ ደግሞ ኮረብታው ላይ ባለው የጣሊያን ምሽግ ውስጥ ባንዳ ሆኖ ያገለግል ነበር። ምሽጉ ሊሰበር ጥቂት ቀን ሲቀረው ትዕዛዙ ሁለት ሳጥን የእጅ ቦምብ በበቅሎ ጭኖ ከዳ። ሳጥኖቹን በአባታቸው ማሳ ቀብሮ፣ ወንድሙን ፈልጎ አገኘው። "ከጽዱ ግርጌ ናቸው። እነሱን አስረክቤ ልግባ። ለአለቃህ ንገርልኝ፤ ምሕረት ያድርጉልኝ" ብሎት ዋሻ ውስጥ ሆኖ መልስ ጠበቀ።

"ነገሩለት?" አለች የምሥራች።

"አልነገርኩለትም። የባንዳ ወንድም እንዳልባል ፈራሁ። ሦስት ቀን ጠበቀኝ። ከዚያ ወደ ግሼ ሄደ፤ እስከ ዛሬ አልተያየንም።"

ጽዱ ተቆርጦ፣ ጉቶው በስብሶ፣ ቦታው ከጠፋ ቆይቷል። አቶ ወዳጆ ያንን መሬት አንድም ቀን አላረሱትም። በደርግ ጊዜ መሬት ሲከፋፈል "ያንን ድንጋያማውን ለኔ ስጡኝ" ብለው ሲለምኑ ሰው ስቆባቸዋል። በግ ብቻ ያሰማሩበታል። በግ ማረሻ አይጎትትም።

"ለቀበሌ እንናገራ!"

"ጎረቤታችን በአንድ ጠመንጃ አራት ወር ታስሮ የለም? እሺ ልናገር፤ የቱ ጋ ነው ሲሉኝ ምን እላለሁ? ቦታውን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። እዚያው ግሼ፣ ራቤል አጠገብ የቤተ ክርስቲያን ደወል እየደወለ ይኖራል ሲሉ ሰምቻለሁ። መሞቱን የነገረኝ የለም።"

በማግስቱ አባትና ልጅ በአይሱዙ ተጭነው ወደ ራቤል ሄዱ። ከመሄዳቸው በፊት የምሥራች የቁፋሮውን ኃላፊ፣ የውሃ ባለሙያውን ምስክርን፣ ድርሻችን ይቆየን ብላ ለመነችው። "ሰኞ ጠዋት ካልተገኛችሁ ለሌላ ቡድን እሰጠዋለሁ" አላት። ምክንያቱን ልትነግረው አፏን ከፍታ፣ የአባቷ እጅ በካቴና ታስሮ ታያትና ትታው ሄደች።

ትዕዛዙ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥግ ፀሐይ ሲሞቁ ተገኙ። ከስተዋል፤ አንድ ዓይናቸው ነጥቷል። አቶ ወዳጆ ሄደው ፊታቸው ቆሙ። ሽማግሌው ቀና ብለው ትንሽ ካዩዋቸው በኋላ፣

"መልሱን ይዘህ መጣህ?" አሉ።

አቶ ወዳጆ እግራቸው ላይ ወደቁ። ትዕዛዙ ትከሻቸውን ይዘው አነሷቸው።

"ልጆች አሉህ?"

"ሦስት።"

"ማንም አልተነካ?"

"እስካሁን ማንም።"

ትዕዛዙ አማተቡ። "ከመንዝ የመጣውን ሁሉ እጠይቅ ነበር። በእርሻ ላይ የፈነዳበት ሰው አለ ወይ እያልኩ። ራሴ እንዳልመጣ ፈራሁ።" የቦዩን ነገር ሲሰሙ በትራቸውን አነሱ። "እዚያ የሚያውቀኝ ሰው አለ?"

"አሮጊቶቹ ያውቁሃል።"

"ይሁን።"

ቅዳሜም እሑድም መኪና ጠፋ። ሰኞ ገና ጎህ ሲቀድ የተሳፈሩበት አይሱዙ ደግሞ መንገድ ላይ ጎማው ፈነዳ። የምሥራች መንገዱ ዳር ወዲያ ወዲህ ስትል፣ ወንድማማቾቹ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

ማሳው ዳር ሲደርሱ ረፍዷል፤ ጉም ግን አገሩን ሸፍኖታል። ከጉሙ ውስጥ ብረት ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ይሰማል። የምሥራች ነጠላዋ ወድቆ እየሮጠች ጮኸች።

"ቁሙ! ስለ እግዚአብሔር ቁሙ!"

ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ቦዩ ውስጥ ቀጥ አሉ። ምስክር ተቆጥቶ መጣ። "ደግሞ ምን ሆናችሁ?"

ትዕዛዙ በትራቸውን ተደግፈው ቀደሙት። "ልጄ፣ ሰዎቹ እግራቸውን አያንሱ። ብረትም አያሳርፉ። እኔ የዚህ ቤት ልጅ ትዕዛዙ ነኝ፤ ያ ባንዳው። እዚህ ቦምብ ቀብሬያለሁ።"

 ትዕዛዙ ቦታውን የሚለዩት የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት ከኮረብታው ጫፍ ጋር በዓይናቸው አስተካክለው ነበር። አሁን ሁለቱም አይታዩም። ጉሙ እስኪገለጥ መጠበቅ ግድ ሆነ። ሁሉም በቆመበት ቀረ።

በዚያ መሀል አንድ ድምፅ ከማሳው ዳር መጣ። ለቆፋሪዎቹ ቆሎ ይዘው የመጡት እማሆይ ወለተጊዮርጊስ ነበሩ። አርበኛ የነበሩት አባታቸው ምሽጉ ሲሰበር ሲሞቱ፣ እሳቸው የአምስት ዓመት ልጅ ነበሩ።

"አባቴን የገደለው ያንተ ጥይት ነው?"

"ምሽጉ ሲሰበር አልነበርኩም። በፊት ግን ከዚያ ሆኜ ወደ አርበኞቹ ተኩሻለሁ። ከሰው ደም ንጹሕ ነኝ አልልሽም።"

"ሊገባ ፈልጎ ነበር!" አሉ አቶ ወዳጆ።  "ቦምቡን ይዞ ሊገባ ለምኖኝ መልእክቱን ያስቀረሁት እኔ ነኝ። እናንተ አርበኛ የምትሉኝ፣ እኔ።"

 እማሆይ የያዙትን ቆሎ መሬት ላይ አስቀምጠው ጀርባቸውን ሰጥተው ሄዱ።

ጉሙ ሲሳሳ ትዕዛዙ ደህነኛውን ዓይናቸውን ወደ ጉልላቱ፣ ከዚያ ወደ ኮረብታው አዞሩ። ወደ ግራ አሥራ አንድ እርምጃ ሄዱ። ቆሙ። ሁለት እርምጃ ተመለሱ። ተንበርክከው በጣታቸው አፈሩን ይጭሩ ጀመር። አቶ ወዳጆ "አንተ ሂድ" ቢባሉም አጠገባቸው ተንበረከኩ። አንድ ክንድ ያህል እንደጫሩ የበሰበሰ እንጨትና አረንጓዴ ዝገት ታየ። ከቦዩ ጫፍ የሚርቀው ሁለት ክንድ ብቻ ነበር።

ምስክር ሰዎቹን አንድ በአንድ እያስወጣ ላቡን ጠረገ።

"ሁለት ነበሩ" አሉ ትዕዛዙ።

ወታደሮች ከደብረ ብርሃን መጥተው የተገኘውን ገደል ውስጥ አፈነዱት። ሁለተኛውን ሦስት ቀን ፈለጉ፤ አላገኙም። ጎርፍ ወስዶት ይሆናል አሉ። አቶ ወዳጆን ሁለት ቀን ጠይቀው ለቀቋቸው። ምስክር ቦዩን በቤተ ክርስቲያኑ በኩል አዞረው።

ትዕዛዙ ለፋሲካ ቆይተው ወደ ደወላቸው ተመለሱ። እማሆይ በዓሉን ሙሉ ሰላም አላሏቸውም። የሚሄዱ ዕለት ግን ከቅጥራቸው ወጥተው፣ "ያባቴ ስም ገብረ ክርስቶስ ነው። ስትጸልይ ጥራው" አሏቸው።

አቶ ወዳጆ የማሳውን ዙሪያ በእሾህ አጠሩት። በጎቹንም ከዚያ ወዲያ አላሰማሩበትም።